ባለ 10 እጥፍ አጉሊ መነጽር፦ ጫካ ለሚወድ ሰው

የአየር ብክለት ዛፍ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ሰው ውድ መሣሪያ አያስፈልገውም። ታጣፊ ባለ 10 እጥፍ አጉሊ መነጽር ይበቃል። የእኔን ገመድ አስሬለት አንገቴ ላይ ነው የማንጠለጥለው፣ በጣም ወድጄዋለሁ።

አያያዙ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሌንሱ ዓይን አጠገብ ይሆናል፣ ከዚያ ቅጠሉን እስኪጠራ ድረስ፣ ወደ 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ማስጠጋት ነው።

ትልቁ ጥቅሙ የኦዞንን ጉዳት ከተባይ ለመለየት ነው። ኦዞን ከመኪናና ከፋብሪካ የወጡ ጋዞች ፀሐይ ሲያገኛቸው ይፈጠራል፣ ነፋስ ስለሚወስደው ደግሞ ከከተማ የራቀ ጫካም አያመልጠውም። ቅጠሉ አየር በሚያስገባባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይገባና ውስጡን ይጎዳል። ሰፋፊ ቅጠል ላይ ስታዩት ፊቱ በቡናማ ወይም በወይን ጠጅ ነጠብጣብ ተሞልቷል፣ ጅማቶቹ ግን አረንጓዴ እንደሆኑ ናቸው። ገልብጡት፤ ጀርባው አብዛኛውን ጊዜ ንጹህ ነው። ተባይ ከሆነ እዚያ ድር፣ እንቁላል ወይም ኩስ አይጠፋም። አሮጌውን ቅጠል ከለጋው ጋርም አስተያዩት፤ ለኦዞን ብዙ የተጋለጠው አሮጌው ስለሆነ እሱ ይብሳል።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ የሳን በርናርዲኖ ተራሮች ጥዶች ቅጠላቸው ቢጫ እየሆነ ሲረግፍ መጀመሪያ ምክንያቱ አልታወቀም ነበር፤ ከሎስ አንጀለስ በኩል የሚመጣው ኦዞን መሆኑ የተረጋገጠው በኋላ ነው።

ከቅርንጫፍ የሚንጠለጠለውን የዛፍ ሽበትም እዩበት። ሰልፈር ዳይኦክሳይድ የሚባለው በካይ ጋዝ የበዛበት ቦታ ቀድሞ የሚጠፋው እሱ ነው።

የማያሳየው ነገርም አለ፣ ይሄ ያሳዝነኛል። አሲድ ዝናብ፣ ማለትም በአየር ብክለት የተነሳ አሲድ የሆነ ዝናብ፣ ከአፈር ካልሲየምና ማግኒዚየም አጥቦ ይወስዳል፣ አሉሚኒየም ያሟሟና ቀጫጭን ሥሮችን ይጎዳል። ዛፉ ውኃ የጠማው ይመስላል እንጂ ቅጠሉን ብቻ አይቶ መፍረድ አይቻልም። ለዚያ የአፈር ምርመራ ያስፈልጋል።

ባለ 30 እጥፉን አልመክርም። የሚያሳየው ቦታ ጠባብ ነው፣ ቅጠሉም ሌንሱን ሊነካ ምንም አይቀረው። ርካሽ የፕላስቲክ ሌንስም ይቅርባችሁ፤ ጠርዙ ላይ የሌለ ቀለም ያሳያል፣ እኛ ደግሞ የምንፈርደው በቀለም ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ነጭ ወረቀት ላይ ያለ ጥቁር ጽሑፍ እዩበት፤ የፊደሉ ዳር ሰማያዊ ወይም ቀይ ከሆነ ለባለሱቁ መልሱለት።