ገና ላልታተመ «ብርቅዬ» የኮሚክ ሽፋን ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት

ይህን ማስጠንቀቂያ የምጽፈው የባትማንን፣ የሱፐርማንንና የስፓይደርማንን አዳዲስ ተከታታይ ኮሚኮች ለምትከታተሉ፣ በተለይም እያንዳንዱን ቁጥር 1 እትም ልዩ በሆነ ሽፋን ለመያዝ ለምትሽቀዳደሙ አንባብያን ነው። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን በሚገናኙባቸው የማኅበራዊ ገጽ ቡድኖች ውስጥ አንዳንድ ሻጮች፣ ኮሚኩ ሊወጣ ሁለትና ሦስት ወር ሲቀረው፣ «አንድ ለመቶ የሆነው ሽፋን ተረጋግጦልኛል፤ ሙሉ ዋጋውን ዛሬ የከፈለ ይያዝለታል» እያሉ ገንዘብ ይሰበስባሉ። በዚያን ቀን እቃው የለም፤ አልታተመም፤ ብዙ ጊዜም ሻጩ ራሱ ገና አላዘዘውም። አገር ቤት አየር በአየር ከምንለው ንግድ የሚለየው፣ እዚህ ገዢው አየሩን የሚገዛው ቀብድ ሳይሆን ሙሉ ዋጋ ከፍሎ መሆኑ ነው።

ነገሩን ለመረዳት «አንድ ለመቶ» ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። አሳታሚዎች ለአንድ እትም በርካታ ተለዋጭ ሽፋኖችን ያወጣሉ፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹን ማንኛውም ሱቅ የፈለገውን ያህል ማዘዝ ሲችል፣ ሌሎቹን የሚያገኘው ግን ከመደበኛው ሽፋን የተወሰነ ብዛት ሲያዝ ብቻ ነው፤ ሃያ አምስት ላዘዘ አንድ፣ ሃምሳ ላዘዘ አንድ፣ መቶ ላዘዘ አንድ እየተባለ። የሽፋኑ ዋጋ 4.99 ዶላር የሆነን ኮሚክ ሱቁ በግማሽ ዋጋ ያገኘዋል ብለን ብናሰላ፣ መቶ ቅጂ 250 ዶላር ገደማ ያስወጣዋል። ከመቶው ሠላሳውን ብቻ መሸጥ የሚችል ትንሽ ሱቅ፣ ያልተሸጠው ቅጂ በአብዛኛው ለአሳታሚው ስለማይመለስ፣ የቀሩትን የሰባዎቹን 175 ዶላር በዚያ በአንዱ ልዩ ሽፋን ላይ ይጭነዋል። ስለዚህ ገዢው የሚከፍለው ለሥዕሉ ጥራት ወይም ለታሪኩ ሳይሆን፣ በሱቁ ጓዳ ተከምረው ለሚቀሩት መደበኛ ቅጂዎች ነው። ደግሞም አንድ ለመቶ ማለት በዓለም ላይ መቶ ቅጂ ብቻ አለ ማለት አይደለም። የእትሙ ጠቅላላ ትዕዛዝ 300,000 ከደረሰ፣ የዚህ ሽፋን ብዛት በስሌት እስከ 3,000 ሊዘልቅ ይችላል። ቁጥሩ ለሽልማት የተቀመጠ መስፈርት እንጂ የኅትመት ልክ አይደለም፤ ሻጮቹ ግን ይህን ልዩነት ሲያስረዱ አይቼ አላውቅም።

የጊዜ ሰሌዳውም ለዚህ ሽያጭ ምቹ ነው። የባትማንና የሱፐርማን አሳታሚ ዲሲ እና የስፓይደርማን አሳታሚ ማርቭል ሊያወጡ ያሰቧቸውን እትሞች ከወራት በፊት ያስታውቃሉ፤ ሱቆች ትዕዛዛቸውን የሚያጸኑበት የመጨረሻ ቀን ግን ኮሚኩ ሊወጣ ሦስትና አራት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ነው። በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል ማንም ሰው «በእጄ ነው» ሊል የሚያስችለው ነገር የለም። የራሱ ሱቅ የሌለው ሻጭ ደግሞ ከአከፋፋይ በቀጥታ ስለማይገዛ፣ የሚተማመነው በሌላ ባለሱቅ ቃል ነው። የእናንተ ገንዘብ ያንን ትዕዛዝ ለመሸፈን ይውላል፤ ሳታውቁት ወለድ የማይታሰብበት ብድር ሰጥታችሁታል።

ከሁሉ የከፋው ትርፍና ኪሳራው የሚከፋፈልበት መንገድ ነው። ኮሚኩ ሱቅ በገባበት ረቡዕ የዚያ ሽፋን የገበያ ዋጋ ከከፈላችሁት በታች ከወረደ፣ እቃው በሰዓቱ በፖስታ ይደርሳችኋል። ዋጋው እጥፍ ከሆነ ግን «አከፋፋዩ አጉድሎ ላከልኝ» ወይም «ጥጉ ታጥፎ ደረሰ» የሚል መልእክት ይመጣና ገንዘባችሁ ይመለሳል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ያው ሽፋን በአዲሱ ዋጋ ለሌላ ሰው ይቀርባል። በወረቀት ሲታይ ምንም አልተወሰደባችሁም። ነገር ግን ዋጋው ሲወድቅ ኪሳራው የገዢው፣ ሲወጣ ትርፉ የሻጩ በሚሆንበት ስምምነት ወራት ሙሉ ታስራችሁ ቆይታችኋል፤ በዚያው ገንዘብ ሌላ ሱቅ ሄዳችሁ በጊዜው መግዛት የምትችሉበት ዕድልም አልፏል። ይህ እንግዲህ የሻጩ ደግነት ሲጨመርበት ነው፤ ገንዘቡን የማይመልሰውም አለና።

በእኛ ቡድን የደረሰው የሁለተኛው ዓይነት ነው። አብሶሉት ባትማን ከተባለው የዲሲ አዲስ ተከታታይ እትሞች የአንዱን ልዩ ሽፋን ለማግኘት እኔና ሌሎች አባላት፣ ስሙን እዚህ ለማልጠቅሰው አንድ ሻጭ አስቀድመን ከፍለን ነበር። ኮሚኩ በየሱቁ መደርደሪያ ላይ ወጥቶ ሳምንታት ካለፉ በኋላ የተሰጠን ምክንያት «ዳይመንድ ስለከሰረ ጭነቱ መጋዘን ውስጥ ታግዷል» የሚል ነበር። ዳይመንድ የተባለው አንጋፋ የኮሚክ አከፋፋይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጃንዋሪ 2025 በኪሳራ ሕግ ከለላ ለማግኘት ማመልከቱ እውነት ነው፤ የብዙ ትናንሽ አሳታሚዎች እቃም በዚህ ሳቢያ ተጉላልቷል። ነገር ግን ዲሲ ከዳይመንድ ጋር የነበረውን ግንኙነት ያቋረጠው በ2020 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ የዲሲን ኮሚኮች ለሱቆች የሚያደርሰው ሉናር የተባለ ሌላ አከፋፋይ ነው። ማርቭልም ከ2021 ጀምሮ ዋና አከፋፋዩን ወደ ፔንግዊን ራንደም ሃውስ አዙሯል። በ2025 የታተመ የባትማን እትም በዳይመንድ መጋዘን ውስጥ የሚታገድበት ምክንያት የለም። እቃውን በእርግጥ ያዘዘ ሰው ማን እንደሚልክለት ያውቃል። ይህንኑ በጽሑፍ ስንጠይቀው መልስ ሳይሰጠን ከገጹ አገደን፤ ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ማንም ሻጭ «መዘግየቱ ከአከፋፋዩ ነው» ካላችሁ፣ የትኛው አከፋፋይ እንደሆነና የትዕዛዝ ማረጋገጫው የት እንዳለ ጠይቁት።

ገንዘቡ የተመለሰልን በክሬዲት ካርድ የከፈልነው ብቻ ነን። ዜል በተባለው የባንክ ገንዘብ መላኪያ የላኩት፣ እንዲሁም በፔይፓል «ለጓደኛና ለቤተሰብ» በሚለው መንገድ የላኩት ምንም አላገኙም፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው አንዴ ከተላለፈ በኋላ የሚመለስበት መንገድ እጅግ ጠባብ ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ ከገዢ ጥበቃ ውጭ ነው። ሻጩ «የአገልግሎት ክፍያ እንዳይቆረጥብን» ብሎ ይህን መንገድ ሲመርጥላችሁ፣ የሚያድነው የራሱን ጥቂት ዶላር ሲሆን የምታጡት ግን እናንተ የምትከራከሩበትን መብት ነው። በካርድ የከፈላችሁም ብትሆኑ ቀን መቁጠር ይኖርባችኋል። የአሜሪካ ሕግ በካርድ ሂሳብ ላይ የሚቀርብ አቤቱታ፣ ክፍያው የተመዘገበበት የሂሳብ መግለጫ ከተላከበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀናት ውስጥ በጽሑፍ እንዲደርስ ይጠይቃል። ሦስት ወር ቀድሞ የሚሰበሰብ ክፍያ ከዚህ ገደብ ጋር እንዴት እንደሚገጣጠም ልብ በሉ፤ ኮሚኩ ሳይወጣ ቀኑ ያልፋል። ካርድ አውጪ ባንኮች ብዙውን ጊዜ እቃው ይደርሳል ከተባለበት ቀን ጀምረው የሚቆጥሩበት አሠራር ስላላቸው፣ የመላኪያውን ቀን ከሻጩ በጽሑፍ ሳትቀበሉ አትክፈሉ። በተጨማሪም የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ፣ በኢንተርኔት የሚሸጥ ነጋዴ ቃል በገባበት ቀን፣ ቀን ካልጠቀሰ ደግሞ በ30 ቀናት ውስጥ እንዲልክ፣ ካልቻለም ለገዢው አስታውቆ ትዕዛዙን የመሰረዝና ገንዘቡን የመቀበል ምርጫ እንዲሰጠው ያስገድዳል።

አዲስ አበባ ሆናችሁ በዘመድ ካርድ የምትገዙ ሰዎች ይበልጥ ተጋላጭ ናችሁ። አቤቱታ የማቅረብ መብት ያለው የካርዱ ባለቤት ነው፤ እርሱ ደግሞ ኮሚክ አያነብም፣ የመውጫ ቀኑንም አያውቅም። እቃው በዘመዳችሁ ቤት ቆይቶ አንድ መንገደኛ በሻንጣው ይዞላችሁ እስኪመጣ ድረስ ወራት ስለሚያልፉ፣ ፖስታው ውስጥ የተለየ ሽፋን እንደነበረ የምታውቁት ሁሉም ቀነ ገደብ ካለፈ በኋላ ነው። ቢያንስ ፖስታው በደረሰበት ዕለት ተከፍቶ ፎቶ እንዲነሣላችሁ ለምኑ።

ፎቶው ሲመጣ በሽፋኑ ላይ ባለው ባርኮድ ጎን የተጻፉትን ትናንሽ አምስት አሃዞች ተመልከቱ። እንደ ተለመደው አሠራር የመጀመሪያዎቹ ሦስት አሃዞች የእትሙን ቁጥር፣ አራተኛው የሽፋኑን ዓይነት፣ አምስተኛው ስንተኛ ኅትመት እንደሆነ ያመለክታሉ፤ 00111 ማለት የቁጥር 1 እትም፣ የመጀመሪያው ሽፋን፣ የመጀመሪያው ኅትመት ማለት ሲሆን፣ መጨረሻው 2 ከሆነ ሁለተኛ ኅትመት ነው። በኦክቶበር 2024 የወጣው አብሶሉት ባትማን ቁጥር 1 እና በጃንዋሪ 2024 የወጣው የማርቭሉ የኡልቲሜት ስፓይደርማን ተከታታይ ቁጥር 1 ከፍተኛ ተፈላጊነት ስለነበራቸው በተደጋጋሚ ታትመዋል፤ ኋላ የታተመውን «የመጀመሪያ ኅትመት» ብሎ መሸጥም የዚህ ገበያ የተለመደ ማጭበርበሪያ ነው። ይዞታው በድርጅት ተመርምሮ ደረጃ የተሰጠውና በጠንካራ ፕላስቲክ የታሸገ ኮሚክም ቢሆን ዋስትናው ሙሉ አይደለም። ከደረጃ ሰጪዎቹ ሁሉ ታዋቂ የሆነው ሲጂሲ ሳይቀር፣ አንድ ግለሰብ ማሸጊያዎችን እየከፈተ ውስጡን ይለውጥ እንደነበር በ2023 መጨረሻ ከተጋለጠ በኋላ ጉዳዩን በይፋ ማመን ግድ ሆኖበታል። ስለዚህ በመለያው ላይ ያለውን የማረጋገጫ ቁጥር በድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ፣ ካለም ፎቶውን ከእጃችሁ ካለው ጋር አስተያዩ።

አሁን የሻጮቹ ማባበያ ወደ አዳዲስ ዜናዎች ዞሯል። ማርቭልና ዲሲ ከ2003ቱ የጋራ ሥራቸው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በ2025 የማርቭሉን ዴድፑልና የዲሲውን ባትማን ማገናኘታቸው፣ ማርቭልም የኡልቲሜት ተከታታዮቹን በ2026 እንደሚደመድም ማስታወቁ፣ «ከዚህ በኋላ አይገኝም» ለሚል ሰው ጥሩ መነሻ ሆኖለታል። በ1991 የወጣው ኤክስመን ቁጥር 1 በአምስት ዓይነት ሽፋን ቀርቦ ስምንት ሚሊዮን ያህል ቅጂ ታዝዞ ነበር፤ ብዙዎች ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት ክፍያ ይሆናል ብለው በሳጥን አስቀመጡት፤ ዛሬም በጥቂት ዶላር ይገኛል። በ1992 በጥቁር ላስቲክ ታሽጎ የተሸጠው የሱፐርማን የሞቱ ታሪክ ዕጣም ከዚህ ብዙ አልራቀም። ያ ሩጫ ሲያበቃ በሺዎች የሚቆጠሩ ሱቆች ተዘጉ፤ ማርቭል ራሱም በ1996 የኪሳራ ማመልከቻ አስገባ። ሱፐርማን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየበትና በ1938 በአሥር ሳንቲም የተሸጠው አክሽን ኮሚክስ ቁጥር 1 ዛሬ ሚሊዮኖች የሚያወጣው፣ ያኔ ማንም ለማትረፍ ብሎ ስላላስቀመጠውና አብዛኛው ቅጂ ተነብቦ ስለተጣለ ነው። ከማተሚያ ቤት በቀጥታ ወደ ፕላስቲክ መያዣ የሚገባ የዘመናችን እትም ይህ ዕድል የለውም።

ተከታታዮቹ መጥፎ ናቸው እያልሁ አይደለም፤ እንዲያውም ከዓመታት ወዲህ እንዲህ ያለ ጥሩ ጊዜ አላየሁም። በአብሶሉት ባትማን ስኮት ስናይደርና ኒክ ድራጎታ ሀብት የሌለው፣ በጉልበቱ የሚሠራ፣ እናቱ በሕይወት ያለች ብሩስ ዌይን (ባትማን) ፈጥረዋል። በኡልቲሜት ስፓይደርማን ጆናታን ሂክማንና ማርኮ ኬኬቶ ደግሞ ፒተር ፓርከር (ስፓይደርማን) ኃይሉን ያገኘው ካገባና ሁለት ልጆች ከወለደ በኋላ ቢሆንስ ብለው የሠሩት ታሪክ ለእኛ ዕድሜ ሰው ይበልጥ ይቀርባል። ይህን ሁሉ በመደበኛው ሽፋን፣ በአምስትና በስድስት ዶላር ማንበብ ይቻላል። በአቅራቢያችሁ ባለ ሱቅ ስማችሁን አስመዝግባችሁ፣ ከመጨረሻው የትዕዛዝ ቀን በፊት የምትፈልጉትን ከነገራችሁት፣ አብዛኛው ባለሱቅ ያስቀምጥላችሁና ገንዘቡን የሚቀበለው ኮሚኩን ስትወስዱ ነው። መጠበቅ ለማይቸግራችሁ የሁለቱም ተከታታዮች የመጀመሪያዎቹ ስድስት እትሞች ለየተከታታዩ በአንድ ጥራዝ ተሰብስበው ወጥተዋል፤ የማርቭል አዳዲስ እትሞችም ከወጡ ሦስት ወር ገደማ በኋላ ማርቭል አንሊሚትድ በተባለው የዲጂታል አገልግሎት ይገባሉ።

አስቀድማችሁ የከፈላችሁና እቃው ያልደረሳችሁ ካላችሁ ግን፣ የሻጩን ማስታወቂያ፣ የተጻጻፋችሁትንና የከፈላችሁበትን ማስረጃ ገጹ ሳይዘጋባችሁ ዛሬውኑ በፎቶ አስቀሩ፤ የሂሳብ መግለጫችሁን ቀን አይታችሁ ለባንካችሁ በጽሑፍ አመልክቱ፤ ለፌዴራል ንግድ ኮሚሽንም በድረ ገጹ በኩል ጥቆማ ስጡ። በአንድ ሻጭ ላይ ቅሬታ ያላችሁ ብዙ ከሆናችሁ እያንዳንዳችሁ በየግላችሁ አመልክቱ እንጂ አንድ ሰው ለሁሉም እንዲያመለክት አታድርጉ፤ ባንኩ የሚመለከተው በራሱ ካርድ የተፈጸመውን ክፍያ ብቻ ነው።