ለዝነጣ የትኛው ይሻላል? ኮንቨርስ፣ ሱፐርስታር ወይስ ጆርዳን 1

የድሮ የቅርጫት ኳስ ጫማ ዛሬ ለምቾት ብሎ የሚገዛ የለም። እግሩ እንዲመቸው የፈለገ የሩጫ ጫማ ይገዛል። እነዚህን የምንገዛቸው ስለሚያምሩ ነው፤ እኔም የምወዳቸው ለዚያ ነው። ግን ጎንደር ላይ ዳገቱና ኮብልስቶኑ አለ። የትኛው የት ጋ እንደሚያም አውቆ መግዛት ይሻላል።

ኮንቨርስ የሁሉም ታላቅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1917 የወጣ። ሸራ ስለሆነ አይከብድም። ከጂንስም ከቀሚስም ጋር ይሄዳል፤ ይህን ያህል ከሁሉ ልብስ ጋር የሚስማማ ጫማ አላውቅም። ችግሩ ሶሉ ነው። ስስና ዝርግ ነው፣ የውስጥ እግርን ደገፍ የሚያደርግ ነገር የለውም። ከፒያሳ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ስትወርዱ እያንዳንዱ ድንጋይ ይሰማችኋል። ለጥምቀት ቀኑን ሙሉ ቆማችሁ፣ ስትጨፍሩ ለመዋል ካሰባችሁ ይቅርባችሁ። ክረምት ላይም ውሃ ያስገባል፤ ጭቃው ከነጭ ሸራ በቀላሉ አይለቅም። ቹክ 70 የሚባለውን ካገኛችሁ እሱን ያዙ። ሸራው ወፈር ይላል፣ የውስጥ ንጣፉም ለስላሳ ነው። ቁጥሩ ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። ኮንቨርስ ሰፋ ስለሚል ከወትሮው ግማሽ ቁጥር ቀንሳችሁ ሞክሩ።

የአዲዳሱ ሱፐርስታር እነ ከሪም አብዱልጃባርን የመሰሉ የቅርጫት ኳስ ኮከቦች የተጫወቱበት ነው። አፍንጫው ላይ ያለችው ዛጎል የምትመስል ጎማ ውበቱ እሷ ናት። እግሩ ሰፋ ያለ ሰው ላይ ግን ጣት ትጫናለች። ቆዳው መጀመሪያ ደረቅ ነው፣ እየዋለ ይለምዳል። ሶሉ ከኮንቨርስ ወፈር ስለሚል ኮብልስቶኑን ይችላል። ደግሞ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ማድረግ ነው፣ አለቀ። ሊስትሮ ጋም ቢሰጥ እንደ አዲስ ይሆናል።

ጆርዳን 1 እ.ኤ.አ. በ1985 ገበያ ላይ ዋለ። መልኩ ላይ ማንም አይደርስበትም፤ በተለይ ቀይና ጥቁሩ። ሶሉ ውስጥ ያለው በአየር የተሞላ ክፍል ግን ተረከዙ ላይ ብቻ ነው፣ ከፊት በኩል ጠንከር ይላል። ቁርጭምጭሚት ላይ ከፍ ስለሚል በበጋ ፀሐይ ይሞቃል። ፎርጂዱም ብዙ ነው። ስፌቱን በደንብ እዩት፣ ሙጫ የወጣበት ካለ ተዉት። ለፎርጂድ የኦርጂናል ዋጋ መክፈል በጣም ያናድዳል።

አንድ ብቻ የምትገዙ ከሆነ እኔ ነጭ ሱፐርስታር እላለሁ። ክረምት ከበጋ የሚደረግ እሱ ነው። ሌላ የዘወትር ጫማ ካላችሁና ይኼኛው ለሠርግ፣ ለፎቶ፣ ማታ ፒያሳ ወጣ ለማለት ከሆነ ግን ጆርዳኑን ግዙ፤ ጥቂት ሰዓት ነው፣ እግር ይችለዋል።

የትኛውንም ስትገዙ ከሰዓት በኋላ ሂዱና ሁለቱንም እግር ሞክሩ። እግር ቆሞ ሲውል ያብጣል፤ ጠዋት ልክ የሆነው ማታ ይጠብባል።