አንድ ስልክና አርባ ካርድ፦ ለክፍል መምህራን የሚጠቅሙ ዲጂታል መሣሪያዎች ሲገመገሙ

መምህር ትምህርቱን ጨርሶ ወደ ተማሪዎቹ ይዞርና «ገባችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይለዋል። ይህ «አዎ» ምን ያህል ባዶ እንደነበረ የሚታወቀው ከሳምንታት በኋላ የፈተና ወረቀት ሲታረም ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን ምዕራፉ አልፏል፣ ያልገባውም ተማሪ እንዳልገባው ወደሚቀጥለው ተሻግሯል። ፊዚክስና ሒሳብ ሳስተምር የሞከርኳቸውን ዲጂታል መሣሪያዎች የምመዝነው ከዚህ ችግር ተነሥቼ ነው። የመጀመሪያው መለኪያዬ መሣሪያው ክፍለ ጊዜው ሳያልቅ ተማሪው ምን እያሰበ እንደሆነ ያሳየኛል ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ለየተማሪው ኮምፒውተር በሌለበትና ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ክፍል ይሠራል ወይ የሚል ሲሆን፣ ብዙ የተወደሱ መሣሪያዎች የሚወድቁት በዚህኛው ነው።

ሁለቱንም መለኪያዎች ከሁሉ በተሻለ ሲያሟላ ያገኘሁት ፕሊከርስ የተባለውን መሣሪያ ነው። መምህሩ ካርዶቹን ከድረ ገጹ በነፃ አውርዶ በተራ ወረቀት ያትማል። በእያንዳንዱ ካርድ ላይ ከሌላው የተለየ ጥቁር ምልክት አለ፤ በአራቱ ጎኖቹም ኤ፣ ቢ፣ ሲ እና ዲ የሚሉት ፊደላት በደቃቁ ተጽፈዋል። ተማሪው የመረጠው ፊደል ወደ ላይ እንዲሆን ካርዱን አዙሮ ከፍ ያደርጋል፤ መምህሩ ከፊት ቆሞ የስልኩን ካሜራ ከክፍሉ አንድ ጫፍ ወደ ሌላው ቀስ እያደረገ ሲያዞር መተግበሪያው ማን ምን እንደመለሰ አንብቦ ይመዘግባል። ተማሪዎቹ ከወረቀት በስተቀር ምንም አያስፈልጋቸውም። መደበኛው ስብስብ 40 ካርዶች ያሉት ሲሆን እስከ 63 ተማሪ የሚያዳርስ ስብስብም ስላለ፣ የተጨናነቀ ክፍል ያለው መምህርም ሊጠቀምበት ይችላል።

የካርዱ ትልቁ ጥቅም ግን ከፍጥነቱ ይልቅ ምስጢር መጠበቁ ነው። እጅ በማውጣት ስናስመርጥ አብዛኞቹ ተማሪዎች መጀመሪያ የሚያዩት ጎበዝ የተባለው ልጅ እጁን የት ላይ እንደሚያነሣ ነው። በፕሊከርስ ግን ፊደላቱ ደቃቅ፣ ምልክቶቹም ከካርድ ካርድ የተለያዩ ስለሆኑ ጎረቤቱን አይቶ መገልበጥ አይቻልም። በክፍል ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ድምፁ የማይሰማ ልጅ እንኳ ካርዱን ያነሣል፤ ስሕተቱንም ከእኔ በቀር ማንም አያይበትም።

ጉድለቶቹም መነገር አለባቸው። ካርዶቹ እንዳይቀደዱ ብሎ በሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ የሚያስለብጥ መምህር ይጸጸታል፤ ከመስኮት የሚገባው ብርሃን በፕላስቲኩ ላይ ሲያርፍ ካሜራው ምልክቱን ማንበብ ያቅተዋል። የማያብረቀርቅ ጠንከር ያለ ወረቀት ይበቃል። ተማሪዎች ጣታቸው ምልክቱን እንዳይሸፍን ካርዱን በጠርዙ መያዝን ሊለማመዱ ይገባል፤ ይህም አንድ ክፍለ ጊዜ ያህል ትዕግሥት ይጠይቃል። የመምህሩ ስልክ ከኢንተርኔት ጋር መገናኘት አለበት። ከሁሉ በላይ ደግሞ መሣሪያው አራት ምርጫ ብቻ ስለሚቀበል ጥቅሙ ሙሉ በሙሉ የሚወሰነው በጥያቄው ጥራት ነው፤ ደካማ ጥያቄ በካርድ ቢጠየቅም ያው ደካማ ነው።

ጥሩ ጥያቄ ምን እንደሚያደርግ ከማንም በላይ ያስተማረኝ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲው የፊዚክስ ፕሮፌሰር ኤሪክ ማዙር እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ዘዴ ነው። በዚህ ዘዴ መምህሩ ስሌት የማይፈልግ፣ ግንዛቤን ብቻ የሚፈትን ጥያቄ ያቀርባል፤ ተማሪዎች መጀመሪያ ለየብቻቸው አስበው ይመልሳሉ። በትክክል የመለሱት ከ30 እስከ 70 በመቶ ከሆኑ መምህሩ መልሱን ሳይናገር፣ እያንዳንዱ ተማሪ የተለየ መልስ የሰጠ ጎረቤቱን እንዲያሳምን ያደርጋል፤ ከዚያም ያው ጥያቄ እንደገና ይመለሳል። ትክክል የሆኑት ከ30 በመቶ ካነሱ ትምህርቱን እንደገና ማስረዳት፣ ከ70 በመቶ ከበለጡ ደግሞ በአጭሩ አብራርቶ ማለፍ ነው። እንግዲህ ይህ ዘዴ ቁጥሩን በቅጽበት ማወቅን ስለሚጠይቅ ለካርዶቹ የተፈጠረ ያህል ይስማማል።

ባለፈው ዓመት ስለ ኤሌክትሪክ ዑደት አስተምሬ ስጨርስ፣ አንድ ባትሪና አንድ አምፖል በሽቦ ተያይዘው የሚታዩበትን ሥዕል ሰሌዳው ላይ ሥዬ «ከረንቱ የሚበዛው የት ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ኤ «አምፖሉ ጋ ከመድረሱ በፊት»፣ ቢ «አምፖሉን ካለፈ በኋላ»፣ ሲ «በሁለቱም ቦታ እኩል ነው»፣ ዲ «እንደ አምፖሉ ዓይነት ይለያያል» የሚሉ ነበሩ። ትክክለኛው ሲ ሲሆን እሱን የመረጡት ከግማሽ ያነሱ ነበሩ፤ ኤን ከመረጡት መካከል ከአሥር ደቂቃ በፊት የኦምን ሕግ አንድም ቃል ሳይስቱ የነገሩኝ ልጆች ይገኙባቸዋል። እንዲወያዩ ባደረግሁ ጊዜ አንዲት ተማሪ ተነሥታ «መምህር፣ አምፖሉ ከረንቱን ካልበላው ታዲያ ባትሪው ለምን ያልቃል?» አለችኝ። በዚያ ዓመት ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች ሁሉ የላቀው ይህ ነበር። በሥዕልና በቃል ብቻ ልመልሰው ብሞክር ኖሮ አሁንም «አዎ» ብቻ ባተረፍሁ።

የመለሰላት ፌት የተባለው የሲሙሌሽን፣ ማለትም ሙከራን በኮምፒውተር አስመስሎ የሚያሳይ ፕሮግራም፣ ስብስብ ነው። ፌትን እ.ኤ.አ. በ2002 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ቦልደር የመሠረተው ካርል ዊማን ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ከተቀበሉት አንዱ ነው። ስብስቡ በፊዚክስ፣ በኬሚስትሪ፣ በሒሳብ፣ በሥነ ምድርና በሥነ ሕይወት ላይ የተሠሩ ከ150 በላይ ሲሙሌሽኖችን በነፃ ያቀርባል፤ አዲሶቹ አንድ ጊዜ ከወረዱ በኋላ ያለ ኢንተርኔት በማንኛውም ብራውዘር ስለሚከፈቱ በፍላሽ ዲስክ ከመምህር ወደ መምህር ይተላለፋሉ። ስለ ኤሌክትሪክ ዑደት የተሠራውን ከፍቼ በፕሮጀክተር አሳየኋቸው። ባትሪውንና አምፖሉን በሽቦ ሳገናኝ ኤሌክትሮኖቹ እንደ ሰማያዊ ጠጠር ተደርድረው ጉዞ ጀመሩ። ከአምፖሉ በፊትና በኋላ ከረንት የሚለኩ ሁለት አሚሜትሮች ሳስገባ የሁለቱ ንባብ አንድ ሆነ። ልጅቷ ራሷ መጥታ ጠጠሮቹ ከአምፖሉ በሁለቱም ወገን በአንድ ፍጥነት እንደሚያልፉ በጣቷ እየተከተለች አየች፤ ከዚያ በኋላ የሚያልቀው ከረንቱ ሳይሆን ባትሪው ውስጥ በኬሚካል መልክ የተከማቸው ኃይል መሆኑን ማስረዳት ቀላል ሆነ። ሌላ ልጅ ባትሪውን ያለ አምፖል በሽቦ ብቻ ቢያገናኝ ምን እንደሚሆን ጠየቀ፤ ሲሞክረው ባትሪው በእሳት ሲያያዝ ክፍሉ በጩኸት ተናወጠ። ይህ በእውነተኛ ባትሪ እንዲሞክሩት የማልፈቅደው ነገር ነው።

ካርዶቹ ሁለተኛ ሲነሡ አብዛኛው ወደ ሲ ተሻግሮ ነበር። ሦስት ተማሪዎች በኤ ጸኑ። ማን እንደሆኑ ስልኬ ስለነገረኝ በማግስቱ ከትምህርት በፊት ጠርቻቸው በእውነተኛ ሽቦና በእውነተኛ አሚሜትር እንዲለኩ አደረግሁ፤ አንደኛው በስክሪን ላይ የሚታየውን ነገር «ሰው የሠራው ነው» በሚል እንዳላመነው ነገረኝ። ልክ ነበር። ሲሙሌሽን የሚያሳየው ሠሪው ያስገባለትን ሕግ ነው፤ ስለዚህ ፌት ቤተ ሙከራን ተክቶ ሳይሆን ከቤተ ሙከራ ጎን ሆኖ ነው የሚሠራው። ሌላው ጉድለቱ ጥያቄ ሳይሰጣቸው የተለቀቁ ተማሪዎች ሁሉንም ነገር እየነካኩ ምንም ሳይማሩ ሰዓቱን ሊጨርሱበት መቻላቸው ነው።

በሒሳብ በኩል የፌትን ያህል የምወደው ጂኦጀብራ ነው፤ ማርኩስ ሆሄንዋርተር በኦስትሪያ ሳልዝቡርግ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ የጀመረው ሶፍትዌር ሲሆን ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። በሁለተኛ ዲግሪ እኩልታ ውስጥ ያሉትን ሦስት ቋሚ ቁጥሮች በማንሸራተቻ እያለዋወጡ የግራፉን ለውጥ ማየት ይቻላል። የመጀመሪያው ግራፉን እንደሚያሰፋና እንደሚያጠብ፣ የመጨረሻው ወደ ላይና ወደ ታች እንደሚያንቀሳቅሰው ተማሪዎች ወዲያው ይደርሱበታል። መካከለኛውን ሲያንቀሳቅሱ ግን ይደነግጣሉ፤ ግራፉ ወደ ጎን ብቻ ይሄዳል ብለው ሲጠብቁ የግራፉ ጫፍ ራሱ የተገለበጠ ፓራቦላ እየሣለ ይጓዛል። ይህን «ለምን?» ብለው ከጠየቁ የሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ትምህርት ተዘጋጀ ማለት ነው።

ኢንተርኔት ጭራሽ በሌለበት ትምህርት ቤት ለሚያስተምሩ ባልደረቦቼ የምመክረው ኮሊብሪን ነው። ይህ ነፃ ሶፍትዌር በአንድ ተራ ኮምፒውተር ወይም ራስበሪ ፓይ በሚባለው መዳፍ በሚያህል ርካሽ ኮምፒውተር ላይ ይጫናል፤ ኢንተርኔት ባለበት ቦታ የካን አካዳሚ ቪዲዮዎችና መልመጃዎች፣ የፌት ሲሙሌሽኖችና ሌሎችም በነፃ ፈቃድ የተዘጋጁ ትምህርቶች ይወርዱበታል፤ ከዚያም ተማሪዎች በትምህርት ቤቱ ዋይፋይ እየገቡ ይማሩበታል። መምህሩ ትምህርትና መልመጃ መድቦ ማን የትኛው ጥያቄ ላይ እንደተሳሳተ ማየት ይችላል። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ ሁሉንም ላውርድ ያለ መምህር የኮምፒውተሩን ማኅደር ይሞላና ተማሪዎቹን በምርጫ ብዛት ያሰለቻቸዋል፤ ከትምህርት ዕቅዱ ጋር የሚሄደውን ርዕስ ብቻ መርጦ ማውረድ ይሻላል። ከኮሊብሪ ጎን ለማጣቀሻ የሚሆነው ኪዊክስ ሲሆን ዊኪፒዲያን በአንድ ፋይል አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ ያስችላል፤ ሥዕል አልባው ቅጂ ቦታ ስለሚቆጥብ እኔ የምጠቀመው በእሱ ነው።

ተማሪዎች በስልክ እየተወዳደሩ ጥያቄ የሚመልሱበት ካሁት ክፍልን ለማነቃቃት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ለፍጥነት ነጥብ ስለሚሰጥ አስቦ የሚመልሰውን ልጅ ይጎዳል፣ የየተማሪ ስልክም ያስፈልገዋል። የምጠቀምበት ከሆነ ጊዜውን አራዝሜ ለክለሳ ብቻ ነው። ጉግል ፎርምስ የምርጫ ጥያቄዎችን ራሱ ስለሚያርምና ለተሳሳተ መልስ ማብራሪያ ማስገባት ስለሚቻል፣ ተማሪዎቹ በቤታቸው ኢንተርኔት ላላቸው መምህር የእርማት ሸክሙን ያቀልለታል።

ነፃ አገልግሎት ዘላቂ አገልግሎት ማለት እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2008 ተመሥርቶ በዓለም ዙሪያ በመምህራን ዘንድ የታወቀው የመምህራንና የተማሪዎች መገናኛ ድረ ገጽ ኤድሞዶ በመስከረም 2022 ተዘግቷል፤ የጉግል ዲጂታል ሰሌዳ ጃምቦርድም በ2024 መጨረሻ አብቅቷል። እኔም ስሙን በማልጠቅሰው አንድ አገልግሎት ላይ ለሁለት ዓመት ያጠራቀምኳቸውን ጥያቄዎች አሠራሩ ሲቀየር አጥቻቸዋለሁ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ጥያቄ መጀመሪያ በራሴ ኮምፒውተር በተራ ሰነድ ጽፌ ነው ወደ መሣሪያው የምወስደው። የተማሪዎችንም ሙሉ ስም በየትኛውም አገልግሎት ላይ አላሰፍርም፤ ፕሊከርስ ላይ የካርድ ቁጥር ይበቃል፣ የስም ዝርዝሩ በደብተሬ ነው።

ስለ ቻትጂፒቲና መሰሎቹ የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። እኔ የማስጠጋቸው ለአንድ ሥራ ብቻ ነው፦ ተማሪ ሊሳሳት የሚችልባቸውን መንገዶች እንዲዘረዝሩልኝ አደርግና ከዚያ ውስጥ ለምርጫ ጥያቄ የሚሆኑትን ራሴ እለያለሁ። ትክክለኛ መልስ ብለው በሙሉ ልብ የሚጽፉት ስሕተት የሚሆንበት ጊዜ ስላለ፣ ሳልሠራው ወደ ክፍል የማስገባው ጥያቄ የለም። ዩኔስኮ በመስከረም 2023 ባወጣው መመሪያ ላይ ተማሪዎች እነዚህን መሣሪያዎች ራሳቸው ለሚጠቀሙበት ዕድሜ ዝቅተኛው ወለል 13 እንዲሆን መክሯል፤ እኔም ከዚያ በታች ላሉት አላቀርብም።

ፌት ሲሙሌሽኖቹን ወደ ሌሎች ቋንቋዎች የሚመልሱ በጎ ፈቃደኞች የሚሠሩበት መገልገያ አለው፤ በብዙ ቋንቋዎች ሊገኝ የቻለውም በዚህ ምክንያት ነው። እኔም የኤሌክትሪክ ዑደቱን ቃላት በአማርኛ መሞከር ጀምሬያለሁ። ያቺ ተማሪ ተሳስታ የነበረው ቋንቋችን ራሱ «ባትሪው አለቀ» እያለ ስላሳደጋት ይመስለኛል፤ ስለዚህ የአንድ ቃል ምርጫ ቀላል ነገር አይደለም። «ከረንት» ብዬ ብተወው ለልጆቹ ምንም አያሳያቸውም። «ጅረት» ብዬ ብጠራው ግን ወፍጮውን አዙሮ የሚያልፈው ውሃ ይታያቸዋል፤ ያ ውሃ ወፍጮውን ካዞረ በኋላም መጠኑ አይጎድልም። ለአሁኑ «ጅረት» ብዬ ጽፌዋለሁ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ያንኑ ጥያቄ በዚህ ቃል ጠይቄ ካርዶቹ ወዴት እንደሚዞሩ አያለሁ።