ፊያት 124 ልገዛ ሄጄ ያጋጠመኝ

ለገና ነው የሄድኩት። አገሬን ካየሁ ስድስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ስለ ሌላው አገልግሎት የምለው ትንሽ ነው። ያረፍኩበት ቤት ንጹሕ ነው፣ ውሃ የጠፋው አንድ ቀን ብቻ ነው። በስልክ የሚጠሩት ታክሲዎች አንዴም አላስቸገሩኝም። ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ የመኪናው ጉዳይ ነው። ከውጭ ሄዳችሁ መኪና ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ፎቶዋን ያየሁት ቴሌግራም ላይ ነው። ፊያት 124፣ 1973 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል፣ ነጭ፣ ባለ አራት በር። «ኦርጅናል፣ ምንም ያልተነካካ፣ 520 ሺህ» ይላል። ፎቶውን እያየሁ እንባዬ መጣ።

አባቴ ልክ እንዲህ ያለች መኪና ነበረችው። በ1966 ገዝቶ እስከ 1983 ነድቷታል። የባንክ ሠራተኛ ነበር። ስድስታችንን ጭኖ ሶደሬ ይወስደናል፤ እኔ ትንሿ ስለሆንኩ እናቴ ጭን ላይ ነው የምቀመጠው። ፀሐይ የመታው የመቀመጫ ፕላስቲክ ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። ቤንዚን በኩፖን የሆነ ጊዜ የሶደሬው ጉዞ ቀረ። መኪናዋ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆመች። አባቴ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ሸራውን ገልጦ ያስነሳታል፤ እኛም ወጥተን እናያታለን።

ዋጋው አልገረመኝም። የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና በሚያስገባ ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ራሱ ተከለከለ። አሁን መንገዱ በኤሌክትሪክ መኪና ተሞልቷል፣ ቢዋይዲው ብቻ ስንት ነው! እነዚያ የድሮዎቹ ደግሞ በየግቢው እንደ ወርቅ ተይዘዋል። ልክ ናቸው። እኔ ያለሁበት ቨርጂንያ በክረምት መንገዱ ላይ ጨው ይበተናል። የዚያን ዘመን የጣልያን መኪና እዚያ ቢሆን ላሜራውን ዝገት ድሮ በልቶ ይጨርሰው ነበር። የአዲስ አበባ አየር ግን ደግ ነው።

ደወልኩ። ያነሳው ደላላ ነው። «እህቴ፣ ነገ ጠዋት ገርጂ ነይ» አለኝ። ሄድኩ፣ መኪናዋ የለችም፤ ቃሊቲ ጋራዥ ገብታለች ተባልኩ። በማግስቱ ቃሊቲ ሄድኩ። እዚያም የለችም። «ባለቤቱ ክፍለ ሀገር ስለሄዱ ቁልፉ አልተገኘም» አለኝ። በሦስተኛው ቀን «ለማሳያ» ብሎ 5 ሺህ ብር ጠየቀኝ። ሰጠሁት። ያን ዕለት ከሰዓት አንድ ግቢ ውስጥ አሳየኝ።

ውብ ናት። ዳሽቦርዱ አልተሰነጠቀም። መሪው ያው ቀጭኑ መሪ ነው። ፓራውልቱ ኒኬሉ እንዳለ ነው። ገብቼ በሩን ስዘጋው የተሰማኝ ድምፅ የአባቴ መኪና ድምፅ ነው። ከዚያ በኋላ የሠራሁት ስሕተት ሁሉ የመጣው ከዚያች ደቂቃ ነው። ፊቴን አይቶ ገባው። ከየት እንደመጣሁም ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ማታ ደውሎ ዋጋው 680 ሺህ ነው አለኝ። ለምን ስል «520ው የድሮ ማስታወቂያ ነው» አለ። ማስታወቂያው የወጣው በዚያው ሳምንት ነበር።

በአምስተኛው ቀን «ሌላ ገዢ ጥሬ ብር ይዞ መጥቷል፣ ቀብድ ካልጣልሽ ልታመልጥሽ ነው» አለኝ። 50 ሺህ ብር ሰጠሁት። የጻፈልኝ ደረሰኝ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ነው። የባለቤቱ ስም የለበትም። ቨርጂንያ ብሆን ለማላውቀው ሰው አምስት ዶላር እንዲህ አልሰጥም። አገሬ ስገባ ግን ሁሉም ሰው ዘመዴ ይመስለኛል፣ መጠንቀቁም ነውር ይሆንብኛል።

ከዚያ ወዲህ መካኒክ ላሳያት ባልኩ ቁጥር ምክንያት ይመጣል። ዛሬ ባትሪ ሞተ፣ ነገ ጎሚስታ ቤት ናት፣ ከነገ ወዲያ በዓል ነው። ስምንት ቀን ሄደ። የእኔ ፈቃድ ሦስት ሳምንት ነው። ሦስት ጊዜ ቀጥሮ ሳይመጣ ቀርቷል። አንዱን ቀን ቦሌ መንገድ ዳር ሁለት ሰዓት ከሩብ ቆሜያለሁ። ዋጋ መጨመሩን እችለው ነበር። ይህንን ግን ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። የእናቴ መቃብር ጋ የምሄድበትን ቀን ነው የበላብኝ።

የአጎቴ ልጅ ነው ቂርቆስ አካባቢ ያለ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ያገናኘኝ። መኪናዋን በግድ አስመጥተን ወሰድንላቸው። ምስጋናዬን ሁሉ ለእሳቸው አድርጉልኝ። ኮፈኑን ከፍተው ጎንበስ አሉና ቀና ሲሉ «ልጄ፣ ይቺ ፊያት የላዳ ልብ ነው ያላት» አሉኝ።

አስጠግተው አሳዩኝ። የፊያት 124 ካምሻፍት፣ ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ ማለት ነው፣ ሞኖብሎኩ (የሞተሩ ዋና አካል) ውስጥ ነው። የዚህኛው ከላይ ያለው ክዳን፣ ቴስታታው ላይ ነው፣ በካቴና ይዞራል። ያ የላዳ ሞተር ነው። ቀጥለው የኋላ ጎማ ፈቱ። ፊያቷ ከፋብሪካ ስትወጣ አራቱም ጎማዋ ላይ ዲስክ ፍሬን ነበራት። ሩሲያዎቹ በ1970 እ.ኤ.አ. ቶሊያቲ ላይ ላዳን ሲጀምሩ ለእነሱ ጭቃ መንገድ ይስማማል ብለው የኋላውን ታምቡር አደረጉት፣ ላሜራውን አወፈሩት፣ ከመሬትም ከፍ አደረጉት። እኛ ሰማያዊና ነጭ ታክሲ ብለን ያደግንባት ላዳ የዚችው ፊያት ልጅ ናት። ይህችኛዋም ከኋላ ታምቡር ነው ያላት። «አካሏ ግን ንጹሕ ነው፤ ስቱኮ የለበትም» አሉኝ፣ በጣታቸው እየቆረቆሩ።

ከዚያ ሊብሬውን፣ የመኪናዋን የባለቤትነት ደብተር፣ ጠየቁ። ደላላው የያዘው ኮፒ ነው። የሞተር ቁጥሩን ሲያስተያዩት አይገናኝም። እንዲህ ከሆነ ስም ሲዛወር ምርመራ ላይ ይወድቃል፣ ሽያጩ እዚያው ይቆማል። ደላላው ይህን ሲሰማ አልደነገጠም። ያውቅ ነበር። «60 ሺህ ጨምሪ፣ እኔ አስተካክለዋለሁ» አለኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ቀብዴን መልስልኝ አልኩት። «ቀብድ የሰጠ ከተወ አይመለስለትም፣ ሕግ ነው» አለ። የአጎቴ ልጅ ጠበቃ ነው። እንደገለጸልኝ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 ቀብድ ሰጪው ውሉን ከተወ ቀብዱ ይቀርበታል፣ ተቀባዩ ከተወ ደግሞ እጥፍ ይከፍላል ይላል። ያ ግን በገዢና በሻጭ መካከል ነው። ይህ ሰው ሻጭ አይደለም፣ ውክልናም የለውም።

ባለቤቷን ያገኙልኝ ያው መካኒክ ናቸው። እንዲህ ያለች መኪና በከተማው በጣት የምትቆጠር ስለሆነች የሚጠግኗት ሰዎች ይተዋወቃሉ። ሁለት ቦታ ደውለው አንድ ቤት አመለከቱን፣ ጉለሌ። ክፍለ ሀገር ሄዱ የተባሉት ሰው የሉም፤ ከሞቱ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ሻጯ የሟቹ ሚስት ናቸው፣ ሰማንያ ዓመት የሚጠጉ እናት። የሚሸጡበት ዋጋ 430 ሺህ ነው። ደላላው ላዩ ላይ 250 ሺህ ብር ጭኖበታል፣ በዚያ ሰሞን ምንዛሪ 2 ሺህ ዶላር ገደማ። የተለመደው የድለላ ክፍያ 2 በመቶ ነው። ስለ 50 ሺው ምንም አልሰሙም።

ስለ ሞተሩ ስጠይቃቸው አልሸሸጉኝም። «በደርግ ጊዜ ሞተሩ ነከሰ፣ የፊያት ዕቃ ከየት ይምጣ? የላዳ አስገቡላት። ለዚያ ልጅም ነግሬዋለሁ» አሉኝ። የደላላውን ሥራ ስነግራቸው ግን ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው ዝም አሉ። እሳቸው ያፈሩበት ምክንያት አልነበረም። እኔም አብሬ አለቀስኩ። ቡና ተፈላ። ባለቤታቸውም ቅዳሜ ቅዳሜ ያስነሷት እንደነበር ነገሩኝ። የአባቴን ነገርኳቸው።

ልጃቸው ደላላውን ሲደውልለት ከአራት ቀን በኋላ 35 ሺህ መለሰ። 15ቱን «ለድካሜ» ብሎ አስቀረ። የማሳያው 5 ሺህም እንደቀረ ቀረ። ፖሊስ ጣቢያ የምሄድበት ቀን አልነበረኝም፣ በረራዬ በማግስቱ ነበር።

እንግዲህ ባለቤቱን በአካል ሳታገኙ፣ ዋናውን ሊብሬ ይዛችሁ የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩን በራሳችሁ መካኒክ ሳታስተያዩ፣ ሳንቲም እንዳትሰጡ። መካኒኩ ለሁለት ቀን ልፋታቸው የጠየቁኝ 3 ሺህ ብር ነው። ጨምሬ ስሰጣቸው መለሱልኝ።

ለወንድሜ ውክልና ሰጥቼ ነው የመጣሁት። የሞተሩ ለውጥ ሊብሬው ላይ እንዲመዘገብ ከልጃቸው ጋር ጀምረውታል። እኚያ እናት በየሳምንቱ ይደውሉልኛል። ባለፈው እሑድ «ልጄ፣ ሌላ ሰው እንዲያያት አልፈቀድኩም፣ ሸራዋን አልብሻታለሁ» አሉኝ።