ለእናት አባቶቻችሁ የሐኪም ቤት ንግግር የሚቀዳ አፕ ከመግዛታችሁ በፊት

የምንኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። እማዬ የደም ግፊት አለባት። ሐኪም ቤት ስትሄድ በስልክ አስተርጓሚ ይሰጧታል፤ ግን ማታ ከሥራ ስገባ «ምን አሉሽ?» ብላት ግማሹን ረስታዋለች። ለዚህ ብዬ ነው የሐኪምና የታካሚን ንግግር ቀድቶ ፍሬ ነገሩን በአማርኛ የሚጽፍ አፕ የጫንኩላት። «ሰባት ቀን በነፃ» ይላል። በስምንተኛው ቀን የዓመቱን 180 ዶላር ከካርዴ ላይ ላፍ አደረጉት። ይመለስልኝ ብል የሚመልስልኝ ሰው አጣሁ።

ገንዘቡስ ይሁን። እኔን ያስደነገጠኝ አፑ የጻፈው ነው።

እማዬ «ማታ ማታ ሆዴን ባር ባር ይለኛል» ብላለች። አባዬ ካረፈ ወዲህ የመጣባት ነው። አፑ «ታካሚዋ ሌሊት የሆድ ሕመም አለባቸው» ብሎ ጻፈ። ሐዘኗ የጨጓራ ጉዳይ ሆኖ ቀረ። ይባስ ብሎ ስለ ግፊት ክኒኗ «በቀን ሁለት ጊዜ» አለ። የመድኃኒቱን ብልቃጥ አንስቼ ሳነብ «ግማሽ ክኒን፣ በቀን አንዴ» ይላል። ነርሷ ጋ ደወልኩ። ትክክሉ የብልቃጡ ነው። ባላይ ኖሮስ?

እነዚህ አፖች መጀመሪያ ድምፁን ወደ ጽሑፍ ይቀይራሉ፣ ከዚያ ያሳጥሩታል። መጀመሪያ ላይ የተሳሳተው ሲያጥር አይታረምም፤ እንዲያውም አምሮበት ይወጣል። በ2024 (እ.ኤ.አ.) ተመራማሪዎች ዊስፐር የተባለውን የኦፕንኤአይ ድምፅ ጸሐፊ ሲፈትሹ፣ ከ100 የእንግሊዝኛ ቅጂ በአንዱ ገደማ ማንም ያልተናገረውን ሐረግ ፈጥሮ አግኝተውታል። ዝምታ በሚበዛበት ንግግር ደግሞ ይብሳል። እናቶቻችን ሲናገሩ እንዴት እንደሚያርፉ ታውቃላችሁ። በእንግሊዝኛ እንዲህ ከሆነ፣ በአማርኛችን ማን ዋስ ይሆናል?

ሌላም አለ። ሜሪላንድ ውስጥ ሁሉም ሳይስማማ ንግግር መቅዳት ሕግ ያስጥሳል። አፑ ይህን አንድም ቦታ አላለኝም።

የሚያናድደው፣ የከፈልኩበት ነገር በነፃ አለ። ከ2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዶክተሯ ራሷ የጻፈችውን ማስታወሻ በክሊኒኩ ፖርታል (ታካሚዎች በሚገቡበት ድረ ገጽ) ያለ ክፍያ የማየት መብት አለን። ቁጭ ብዬ ለእማዬ የማነብላት አሁን እሱን ነው። ያልገባኝን በዚያው በፖርታሉ እጠይቃለሁ።

ካርዳችሁን አስገብታችሁ ከሆነ ዛሬውኑ ስልካችሁ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ሰብስክሪፕሽኑን ሰርዙት። አፑን ከስልክ ማጥፋት ብቻ ክፍያውን አያቆመውም።