ጋሼን አመስግኑልኝ፦ የእንግሊዝ የትዳር ቪዛ ለምትጠብቁ ሁሉ

ቪዛው እጄ ሳይገባ አልጽፍም ብዬ ነበር፤ ገባ። ከባለቤቴ ጋር አንድ ቤት መኖር ከጀመርንም ሰነባብተናል። እንግዲህ ምስጋናዬ ሳይቀዘቅዝ፣ በዚህ መንገድ ላይ ያላችሁ እህት ወንድሞቼም ገንዘባችሁ ሳይበላ ልናገር።

እኚህን ሰው እግዚአብሔር ረጅም ዕድሜና ጤና ይስጣቸው። ስሜን አታውጪ ብለው ስላስማሉኝ እዚህ ጋሼ ብቻ እላቸዋለሁ። እንግሊዝ አገር የሚሠሩ፣ ፈቃድ ያላቸው የኢሚግሬሽን አማካሪ ናቸው። ጠበቃ አይደሉም፤ ይህንንም ገና በመጀመሪያው ቀን ራሳቸው ናቸው የነገሩን። እኔ ግን ከማውቃቸው ጠበቆች ሁሉ አስበልጣቸዋለሁ፤ ብዙ ጠበቃ አላውቅም እንጂ።

ባለቤቴ ተወልዶ ያደገው እንግሊዝ ነው፣ ወላጆቹ የኛው ናቸው። ጥር 2016 አዲስ አበባ ተጋባን። የዓመት ፈቃዱ ሲያልቅ እሱ ወደ አውቶብስ መንዳቱ ተመለሰ፣ እኔ ሻንጣዬን እንኳ በወጉ ሳልፈታ እናቴ ቤት ቀረሁ። "ጥቂት ወር ነው፣ አትጨነቂ" ተብዬ ነበር። ማን አለሽ? በሉኝ። የመጀመሪያው ቢሮ።

የዚያን ቢሮ ስም አልጠራም። ብጠራው ነገ ሌላ ታፔላ ሰቅለው ይከፍታሉ። ገና ስንገባ "ኤምባሲ ውስጥ ሰው አለን" አሉን። ይህን አባባል የሰማችሁ ቀን ቦርሳችሁን አንሱና ውጡ። ግማሹን ክፍያ በቅድሚያ፣ ግማሹን ደግሞ "አሻራ ሳትሰጪ" ብለው ወሰዱ። ከዚያ በፎቶ ያዙን። ፎቶ አብዙ ነው ነገራቸው ሁሉ። የሰርጉ፣ የመልሱ፣ የቅልቅሉ፣ አክስቴ ቤት ምሳ የበላንበት ሳይቀር። የባለቤቴን ደመወዝ አንዲት ልጅ በስልክ ጠየቀችው፣ ነገራት፣ "እሱ ይበቃል" አለች፣ አለቀ። የደመወዝ ወረቀት የሦስት ወር ላክ አሉት፣ ላከ። "ቪዛው የማይቀር ነው፣ ሥራሽን ከወዲሁ ልቀቂ" ያለኝም እዚያው ቢሮ የተቀመጠ ሰውዬ ነው። ለቀቅሁ።

ተከለከልን።

የማመልከቻው ክፍያ ያኔ 1,846 ፓውንድ ነበር፣ እሱ ቀለጠ፤ አይመለስም። ለእንግሊዝ የሕክምና አገልግሎት ከማመልከቻው ጋር የሚከፈለው የጤና ክፍያ፣ 3,105 ፓውንዱ፣ ተመልሶልናል። ሰው ሲከለከል እሱ በራሱ ጊዜ ወደ ከፈለበት ካርድ ነው የሚመለሰው፤ እነሱ ግን "እኛ ነን ያስመለስንላችሁ" ብለው ኮሚሽን ሊጠይቁን ሞክረዋል። አይ ድፍረት!

ገንዘቡን እንኳ ተዉት። እኔን ያቆሰለኝ የነገሩኝ ነገር ነው። ውሳኔው የመጣው በነሱ ኢሜይል ነው፣ እኛ ደብዳቤውን አላየንም። ደውለው "ትዳራችሁን አላመኑበትም፣ ለወረቀት የተጋባችሁ መስሏቸዋል፣ ፎቶ አንሷል፣ እንግዲህ ዕድላችሁ ነው" አሉኝ። እኔ ይህን ቃል ይዤ ከረምኩ። ሰፈር ውስጥ "መቼ ነው የምትሄጂው?" ሲሉኝ አንገቴን የምደፋው ቪዛ ስላጣሁ አልነበረም። አንድ የማያውቀኝ ሰው ቢሮው ቁጭ ብሎ፣ የሰርጌን ፎቶ እያገላበጠ፣ "ይቺስ ውሸቷን ነው" ያለኝ እየመሰለኝ ነው። ከባለቤቴ ጋር በስልክ ስንጨቃጨቅ እንኳ ነገሩ መሀላችን ይገባ ነበር። መካከል ላይ እዚያው እንግሊዝ ያለ ሌላ ሰው ሞክረናል። ገንዘብ እስኪላክለት ድረስ ስልክ ገና ሳይጠራ ያነሳ ነበር፤ ከተላከለት በኋላ ስልኩ ይጠራል፣ ሰውየው የለም። እሱን በዚሁ ልለፈው።

ጋሼን የጠቆመን የባለቤቴ የሥራ ባልደረባ ነው፣ ሚስቱን ያመጣው በሳቸው በኩል ነበር። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና መጀመሪያ ስደውልላቸው ሦስተኛውን ሌባ ነበር የምጠብቀው። እሳቸው ከሰላምታ ቀጥለው የፈቃድ ቁጥራቸውን ላኩልኝ። እንግሊዝ አገር ፈቃድ ሳይኖር የኢሚግሬሽን ምክር መስጠት ወንጀል ነው ለካ። ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ድሮ ኦአይኤስሲ ይባል ነበር፣ በፈረንጆቹ ከ2025 መጀመሪያ ወዲህ ኢሚግሬሽን አድቫይስ ኦቶሪቲ ተብሏል፤ የአማካሪዎቹ መዝገብ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይታያል። ጠበቆች ደግሞ የራሳቸው መዝገብ አላቸው። "ግቢና ፈልጊኝ፤ ካላገኘሽኝ ሁለተኛ አትደውይልኝ" አሉኝ። ገባሁ፣ አገኘኋቸው። የዚያኑ ቀን አመንኳቸው አልልም፤ ቢያንስ ግን ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ቀጥለው የተከለከልንበትን ደብዳቤ ላኪልኝ አሉ። የለኝም አልኳቸው።

"ታዲያ ምን ላይ ሆነሽ ነው የምታለቅሺው?" አሉኝ። "ደብዳቤው ያንቺ ነው፣ የነሱ አይደለም። ሄደሽ አምጪው። እምቢ ካሉሽ እዚያው ሆነሽ ደውይልኝ።"

ሄድኩ። ነገ ነይ፣ ሰኞ ነይ፣ ኃላፊው የለም። በመጨረሻ ወንድሜን አስከትዬ ገብቼ ሳትሰጡኝ አልወጣም አልኩና ሰጡኝ። ታክሲ ውስጥ ሆኜ በስልኬ ፎቶ አንስቼ ላክሁላቸው። እኔ ለማንበብ ፈርቻለሁ፣ ባለቤቴ ደግሞ ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ ተኝቷል።

ወዲያው ደወሉ። "የት ነሽ?" ታክሲ ውስጥ። "ውረጂና አንድ ቦታ ቁጭ በይ፣ አብረን እናነበዋለን።" ወረድኩ። አነበቡልኝ። ሙሉውን! እንግሊዝኛውን አንድ መስመር ያነባሉ፣ በአማርኛ ይደግሙታል፣ "እዚህ ድረስ ገባሽ?" ይላሉ፣ ይቀጥላሉ። ደብዳቤው በርዕስ በርዕስ የተከፋፈለ ነው። ስለ ትዳራችን የሚያወራው ክፍል ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ።

"ይሄን በደንብ ስሚኝ ልጄ። መስፈርቱን አሟልታለች ነው የሚለው። ትዳርሽን ማንም ውሸት አላለውም። አምነውበታል።"

ይድገሙልኝ አልኳቸው። ደገሙልኝ። አሁንም ይድገሙልኝ አልኳቸው። ደገሙልኝ፣ አልሰለቹም።

የወደቅነው በገንዘብ ወረቀቱ ነው። የስድስት ወር የደመወዝ ወረቀት ሲጠየቅ የሦስት ወር ብቻ ገብቷል። ይኸው ነው በቃ! ያን ሁሉ ፎቶ ማንም አልጠየቀም። አንድ ሱቅ ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ ተንሰቀሰቅሁ፣ ባለሱቁ ሰው የሞተብኝ መስሎት ውሃ ይዞልኝ ወጣ። ጋሼ ስልኩን አልዘጉም። "አልቅሺ፣ እኔ አልቸኩልም" አሉኝ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሰባራ ሳንቲም አልከፈልናቸውም፣ ስለ ዋጋም አላወራንም።

ሰዎች ጋሼን የማወድሳቸው ቪዛ ስላስገኙልኝ ይመስላቸዋል። ቪዛው እሰየው ነው። እኔ ግን የማልረሳው ያቺን ንባብ ነው። ከማመልከቻ በፊት የሰውን ልብ የሚያይ ባለሙያ ስንት አለ?

ሌላ ሰው ቢሆን በነጋታው ፎርም አስሞልቶ ያስከፍለን ነበር። እሳቸው ጠብቁ አሉን። ባለቤቴ በመሀል ከአንድ የአውቶብስ ድርጅት ወደ ሌላ ተዛውሮ ስለነበር "አዲሱ ቦታ ላይ ስድስት ወሩ ይሙላ፣ ክረምቱ ይለፍ" አሉ። የዓመት ገቢው 29,000 ፓውንድ መድረስ አለበት፤ በፈረንጆቹ እስከ 2024 ኤፕሪል ድረስ 18,600 ነበር፤ ዛሬም በድሮው ቁጥር ሰው የሚመክሩ አሉ፣ ተጠንቀቁ። የባለቤቴ ከነትርፍ ሰዓቱ ያልፋል። እንዴት እንደሚደመር አትጠይቁኝ። ጋሼ ደጋግመው አስረድተውኛል፣ እኔም ደጋግሜ ገባኝ ብያቸዋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ ምክንያቱም ይህን ለሰው ሁሉ ሳወራው ነው የከረምኩት። የጋብቻ ምስክር ወረቀታችንን ትርጉም እያዩ ሳለ በድንገት "ሰርጋችሁ ምን ቀን ነው የዋለው?" አሉኝ። እሁድ ነዋ፣ ጥር 12፣ የሚካኤል ዕለት። "እዚህ የተጻፈው ቀን ግን ቅዳሜ ነው" አሉ። ለካ በ2015 ጳጉሜ ስድስት ስለነበረች የ2016 መስከረም አንድ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12 ላይ ነው የዋለው፤ እስከ የካቲት ድረስ ቀኑ ሁሉ በአንድ ተገፍቷል። ጥር 12 እንደ ሌላው ጊዜ ጃንዋሪ 20 ሳይሆን 21 ሆኗል ማለት ነው። ተርጓሚው በልማድ 20 ብሎታል፣ ፎርሙ ላይ የሞላነው ደግሞ 21። የመጀመሪያው ቢሮ ያን ወረቀት ስንት ጊዜ አገላብጦታል! በአንድ ቀን ልዩነት ይከለክሉን ነበር ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልስ የለኝም። ጋሼ "ሰበብ አንስጣቸው" ብለው አስተካክለን እንድናመጣ አደረጉ። በ2016 መጀመሪያ ላይ የተጋባችሁ ካላችሁ አሁኑኑ ተነስታችሁ ወረቀታችሁን እዩ።

ሁለተኛው ማመልከቻ ያለ ወሬ አለቀ። የሳንባ ምርመራው ወረቀት የሚያገለግለው ስድስት ወር ብቻ ስለሆነ አይኦኤም (ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት) ሄጄ እንደገና ተመረመርኩ፣ የእንግሊዝኛ ፈተናው ግን ገና አላለፈበትም ነበር። ክፍያው ወደ 1,938 ፓውንድ ወጥቶ ጠበቀን። ፎቶ ስንት እናስገባ ብዬ ስጠይቃቸው ሳቁብኝ፣ "ጥቂት ይበቃል፣ አክስትሽን ተዪአቸው" አሉኝ። እያንዳንዱን ነገር ያስገቡት በኛው ኢሜይል ነው። የይለፍ ቃሉም በኛ እጅ ነበር። ይህቺን ልብ በሉልኝ፦ በራሱ ኢሜይል አስገባለሁ ከሚላችሁ ሰው ጋር አትሥሩ!

እናቴ ይህ ሁሉ ሲሆን ስለ ቪዛ አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም። እንዳይከፋኝ ነው እያልኩ አስብ ነበር። ቪዛው የመጣ ቀን እልል ያለችው ጎረቤታችን ናት፣ እናቴ ቡና ልቁላ ብላ ጓዳ ገብታ ቀረች። ጋሼ ምስራቹን ሊሉኝ ሲደውሉ "እናትሽን አገናኚኝ" አሉ። ምን ይሏት ይሆን ብዬ ድምፁን ከፍ አደረግሁት። እናቴ እንኳን ደስ ያለዎት ሲሏት አሜን አለችና "ብርዱ ግን እንደሚባለው ነው?" ብላ ጠየቀቻቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ኧረ ምንም አይል ይላት ነበር። እሳቸው "ነው እናቴ፣ አልዋሽዎትም፤ ወፍራም ካልሲ ያስይዟት" አሏት። እናቴ ያመነቻቸው ያኔ ይመስለኛል። እኔም ከሻንጣዬ ግማሹን ካልሲ ይዤ መጣሁ፤ በፍተሻ ላይ የነበረችው ሴት ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም።

አሁን የተሰጠኝ የሁለት ዓመት ከዘጠኝ ወር ፈቃድ ነው፣ ከዚያ ይታደሳል። ሲታደስም ሌላ ሰው ደጅ አልሄድም።

ስለዚህ እናንተ የእንግሊዝ የትዳር ቪዛ የጀመራችሁ፣ የተከለከላችሁ፣ ወይም አንዱ ቢሮ ደብዳቤያችሁን የያዘባችሁ፣ እባካችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ የጋሼን ስልክ እልክላችኋለሁ። ራሳቸው ፈቅደውልኛል። ዋጋቸውን እዚህ አልጽፍም፣ ከመጀመሪያው ቢሮ ግን ያንሳል፣ ደረሰኝም ይሰጣሉ። የማይሆን ነገር ከሆነ አይሆንም ይሏችኋል፣ እንዳትቀየሟቸው። ስትደውሉ የተከለከላችሁበትን ደብዳቤ ሙሉውን፣ የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ሳይሆን ሙሉውን፣ ይዛችሁ ደውሉ። ባንክ ስቴትመንቱንም አዘጋጁ፣ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው። እሁድ ጠዋት ግን እንዳትደውሉላቸው፣ ቅዳሴ ላይ ናቸው፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ ያነሳሉ።