ማክስኤንት ወይስ ኤልፒጄ-ጌስ?
ደን ለአየር ንብረት ለውጥ የሚሰጠውን ምላሽ ለማጥናት የድኅረ ዶክትሬት ምርምር ለሚጀምር ሰው ከእነዚህ ሁለት የኮምፒውተር ሞዴሎች አንዱን መምረጥ ከባድ ነው።

ማክስኤንት ፈጣን ነው። ዛፉ የተገኘባቸውን ቦታዎችና የአየር ንብረት መረጃ ይቀበላል፤ ወደፊት የት እንደሚመቸው በካርታ ያሳያል። በ2012 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የዱር አረቢካ ቡና ጥናት የተጠቀመው እሱን ነው። እስከ 2080 ድረስ ለቡናው ከሚመቹት ቦታዎች ቢያንስ 65 በመቶው እንደሚጠፉ ገመተ። ያስደነግጣል!

ካርታው ግን ዛፉ በምን ምክንያት እንደሚደርቅ አይነግረንም። በስዊድን ሉንድ ዩኒቨርሲቲ የሚለማው ኤልፒጄ-ጌስ እዚህ ላይ ይበልጣል። ፎቶሲንተሲስን፣ የአፈር ውሃን፣ ዛፎች ለብርሃን የሚያደርጉትን ሽሚያ፣ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጨመርንም ያሰላል። በዚያው ልክ ብዙ የመስክ ልኬት ይጠይቃል፤ ለጽድና ለኮሶ ይህን ማግኘት ቀላል አይደለም።

ሁለት ዓመት ካለኝ ኤልፒጄ-ጌስን እመርጣለሁ። የትኛውን ችግኝ የት እንትከል ለሚለው ጥያቄ ምክንያቱን ማወቅ ግድ ነው።